አፍንጫ ሲለምድ፤ መሣሪያ ሲሳሳት

(በኦቶና ግቢ በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ስለ ጋዝ አነፍናፊ መሣሪያዎች የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን ጸሐፊ የንግግሬን ርእስ በጠየቀኝ ጊዜ «ስለ ጋዝ አነፍናፊ መሣሪያዎች» ብዬ ጻፍሁለት። ወረቀቱን ካነበበ በኋላ «ይኸ የፋብሪካ አገር ጉዳይ ነው እንጂ ለሶዶ ምኗ ነው?» አለኝ። ጥያቄው የብዙዎቻችሁም ጥያቄ እንደሚሆን ስለምገምት መልሱን አስቀድሜ ልስጥ።

ፋብሪካ በሌለበትም ስፍራ የሚተነፈስ መርዝ አለ። ከእናንተ መካከል የሕክምና ተማሪ የሆነ ሁሉ የፎርማሊንን ሽታ ያውቀዋል። ዓይን ያስለቅሳል፤ ጉሮሮ ይቧጥጣል፤ ከጋዋን ጋራ እስከ መኝታ ቤት ድረስ ይከተላል። እኛ ግን በሳምንት ጥቂት ሰዓት ገብተን እንወጣለን። ዕቃውን የሚያጥበው፤ በርሜሉን የሚሞላው፤ ወለሉን የሚወለውለው ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ እዚያው ነው። እንደዚሁም በጓዳዋ በእንጨትና በከሰል የምትጋግረውን እናት፤ ለብዙ ሰው ወጥ የሚሠሩትን ሴቶች፤ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ቀለም የሚረጨውን ጎረምሳ፤ በመንገድ ዳር ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ እየቀዳ የሚሸጠውን ልጅ አስቡ። እነዚህ ሰዎች በቀን ስምንትና አሥር ሰዓት የሚተነፍሱትን ነገር ስሙንም ሆነ መጠኑን የነገራቸው የለም። እንግዲህ ኬሚስትሪና ሕክምና የምንማር ሰዎች ይኸን ጉዳይ ለፋብሪካ አገር ብንተው ትምህርታችን ለማን እንደሚሆን አላውቅም።

አሁን ስለ ስም ጥቂት ልናገር። ከካርቦን የተሠሩ ሆነው በተራ የክፍል ሙቀት በቀላሉ ወደ አየር የሚተኑ ውሕዶች አሉ። «ተናኝ ኦርጋኒክ ውሕዶች» ይባላሉ፤ እኔ ግን ለአጭርነቱ «ተናኞች» እያልሁ እጠራቸዋለሁ። ሁሉም ክፉዎች አይደሉም። ቡና ሲቆላ ጎረቤት የሚጠራው ሽታ በመቶ የሚቆጠሩ ተናኞች ያሉበት ጉባኤ ነው። ዳታ በርበሬ ሲፈጭ ከደጅ የሚሰማው፤ ቆጮ ከጉድጓድ ሲወጣ አፍንጫ የሚመታው፤ አረቄ የጠጣን ሰው ከሩቅ የሚያጋልጠው ሁሉ ከዚሁ ወገን ነው። ፎርማልዴሃይድም፤ ቶሉዊንም፤ ቤንዚንም ከዚሁ ወገን ናቸው።

ቤንዚን ስል በቋንቋችን ያለውን አንድ ችግር ላንሣ። ከማደያ የምንቀዳውን ነዳጅ «ቤንዚን» እንለዋለን፤ በኬሚስትሪ ክፍል ደግሞ ስድስት ካርቦንና ስድስት ሃይድሮጅን ያለውን አንዱን ውሕድ እንዲሁ «ቤንዚን» እንለዋለን። የፊተኛው የብዙ ውሕዶች ድብልቅ ነው፤ የኋለኛው በዚያ ድብልቅ ውስጥ በጥቂቱ የሚገኝ ሲሆን የደም ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ውሕድ «ይኸን ያህል ቢተነፈስ ጉዳት የለውም» የሚባል መጠን የለም ይላል። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራታችን ለሻጩ ልጅ ነገሩን ለማስረዳት ስንሞክር ትልቅ እንቅፋት ይሆንብናል፤ የቋንቋ ትምህርት ክፍል ጓደኞቻችን አንድ ብልኃት ቢፈልጉልን መልካም ነው።

የመጀመሪያው አነፍናፊ መሣሪያ እግዚአብሔር የሰጠን አፍንጫ ነው። ይኸን መሣሪያ ማቃለል አይገባም። በወላይታ እንሰት ፍቃ የምታብላላ እናት ቆጮው መድረሱንና መበላሸቱን በሽታው ትለያለች፤ ይኸም ከእናቷ የተማረችው ሙያ እንጂ ግምት አይደለም። ሐኪምም ራሱን የሳተ ሕመምተኛ ሲመጣለት ወደ አፉ ጠጋ ብሎ ያሸታል፤ የበሰለ ፍሬ የመሰለ ጣፋጭ ሽታ ካገኘ ስኳሩ እጅግ ከፍ ያለ ሰው እንደ ሆነ ይጠረጥራል። ያ ሽታ አሴቶን ነው፤ ሰውነት ስኳርን መጠቀም ተስኖት ስብ ሲያቃጥል የሚወጣ ነው። ዛሬ በውጭ አገር ላቦራቶሪዎች የትንፋሽ አሴቶንን የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ለመሥራት ብዙ የሚደከመው ይኸንኑ የጥንት የሐኪም አፍንጫ በቁጥር ለመተካት ነው።

ነገር ግን አፍንጫ ሁለት ትልልቅ ጉድለቶች አሉት። አንደኛው ይለምዳል። ፎርማሊን ወዳለበት ክፍል ስንገባ የሚያስለቅሰን ሽታ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የቀነሰ ይመስለናል፤ አየሩ ግን አልተለወጠም፤ የተለወጠው አፍንጫችን ነው። እዚያ ዓመታት የሠራ ሰው «እኔ ምንም አይሸተኝም» ሲላችሁ እውነቱን ነው፤ ይኸም ቃሉ እጅግ ሊያሳስበን የሚገባ ነው። ሁለተኛው ጉድለት አፍንጫ መጠንን አይናገርም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ፎርማልዴሃይድን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መዝገብ የጻፈው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም የቤት ውስጥ አየር በግማሽ ሰዓት አማካይ ከ0.1 ሚሊግራም በኩቢክ ሜትር እንዳይበልጥ ይመክራል። በዚህ መጠን ላይ ያለውን አየር ብዙ ሰው ጭራሽ አያሸተውም። እንግዲህ «ሲሸተኝ እወጣለሁ» የሚል ሰው ወሰኑን ካለፈ በኋላ ይወጣል ማለት ነው።

ሰው የራሱ አፍንጫ እንደማይበቃው ባወቀ ጊዜ የእንስሳን ተበደረ። የእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ካናሪ የምትባለውን ወፍ በቀፎ ይዘው ይወርዱ እንደ ነበረ ሰምታችሁ ይሆናል፤ ይኸ ልማድ እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ ቆይቷል። ነገሩ ግን የጥንት ታሪክ ብቻ አይደለም። በታንዛኒያ ሞሮጎሮ ከተማ የሚሠራ አፖፖ የሚባል ድርጅት ግዙፍ የአፍሪካ አይጦችን አስተምሮ የሳንባ ነቀርሳ ያለበትን አክታ በሽታው እንዲለዩ አድርጓል፤ በአገራችንም በአዲስ አበባ ከአርመር ሐንሰን የምርምር ተቋም ጋራ ሆኖ ይኸንኑ ሥራ ጀምሯል። አንድ የሠለጠነች አይጥ መቶ ናሙና በሃያ ደቂቃ ታሸታለች፤ በአጉሊ መነጽር የሚሠራ ባለሙያ ግን ለዚህ ቀናት ይፈጅበታል። አይጧ የምታሸተው ባክቴሪያው የሚያወጣቸውን ተናኞች ነው። የአይጥ ነገር አንዳንዶቻችሁን እንዳሳቃችሁ አያለሁ፤ ነገር ግን በማይክሮስኮፕ ያመለጠውን በሽተኛ አይጧ ስታገኘው ሳቁ የርሱ ነው።

ከዚህም የሚያስደንቀው የወባ ትንኝ ነው። በምዕራብ ኢትዮጵያ መንደሮች የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድን ሊቃውንት በአንድነት ያደረጉት ጥናት በ2016 እ.ኤ.አ. ታትሟል። አኖፊለስ አራቢየንሲስ የተባለችው ትንኝ ሰውንና ከብትን ስትፈልግ ዶሮን እንደምትሸሽ አገኙ። ምክንያቱን ለማወቅ የዶሮን ላባ ሽታ በመሣሪያ እየነጣጠሉ በትንኟ አንቴና ላይ አሳለፉት፤ በአንቴናው ላይ የተተከለው ቀጭን ሽቦም የትኛው ውሕድ ሲደርስ አንቴናው እንደሚነቃ በኤሌክትሪክ ምልክት ነገራቸው። እዚህ ላይ ትንኟ ራሷ ጋዝ አነፍናፊ መሣሪያ ሆና ነበር ማለት ነው። ኋላም በአልጋ አጠገብ በቀፎ የተሰቀለች ዶሮ ወይም ከሽታዋ የተለየው ውሕድ ወደ ቤቱ የሚመጡትን ትንኞች ቁጥር እንደሚቀንስ ታየ። ቤተ ሰቦቻችሁ በሁምቦ ቆላ የሚኖሩ ጓደኞቼ ይኸን ለአያቶቻችሁ ብትነግሯቸው ዶሮ ከሰው ጋራ የምታድርበትን ቤት ከእንግዲህ ማን ይነቅፋል?

አሁን ወደ ሰው ሠራሹ መሣሪያ ልግባ።

በ1962 እ.ኤ.አ. በጃፓን አገር ሁለት ሰዎች በየፊናቸው አንድ ነገር አገኙ። ሴይያማ የተባሉት ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋራ የዚንክ ኦክሳይድ ስስ ሽፋን ሲሞቅ በአካባቢው ያለው ጋዝ የኤሌክትሪክ ተቃውሞውን እንደሚለውጠው አሳዩ። ታጉቺ የተባለው ሌላው ሰው ደግሞ በቆርቆሮ ኦክሳይድ የሚሠራ መሣሪያ የባለቤትነት መብት እንዲጻፍለት በዚያው ዓመት አመለከተ። የታጉቺ አሳብ የቤት ጋዝ ሲሊንደር እያፈሰሰ ሰው የሚገድልበትን አደጋ ለመከላከል ነበር። ዛሬ በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ በርካሽ የሚሸጡት፤ «ኤም ኪው» የሚል ስምና ቁጥር የተጻፈባቸው ትንንሽ ክብ ሴንሰሮች የዚያ አሳብ ልጆች ናቸው።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ቀላልነቱም ደስ ያሰኛል። የቆርቆሮ ኦክሳይድ ደቃቅ ቅንጣቶች በትንሽ ማሞቂያ ላይ ተለብጠው ከ200 እስከ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃሉ። በዚህ ሙቀት ከአየር የሚመጣው ኦክሲጅን በቅንጣቶቹ ገጽ ላይ ይለጠፋል፤ ሲለጠፍም ከውስጥ ኤሌክትሮን ይወስዳል። ኤሌክትሮን የተወሰደበት ገጽ ኤሌክትሪክ በቀላሉ አያሳልፍም፤ ስለዚህ በንጹሕ አየር ተቃውሞው ከፍ ይላል። የአልኮል ወይም የአሴቶን ትነት በመጣ ጊዜ ግን ከተለጠፈው ኦክሲጅን ጋራ ይቃጠላል፤ ኦክሲጅኑም የወሰደውን ኤሌክትሮን ይመልሳል፤ ተቃውሞው ይወርዳል። እኛ የምናነበው ቁጥር ይኸው የተቃውሞ መውረድ ነው። መሣሪያው ትነቱን አያውቀውም፤ የሚያውቀው ኦክሲጅኑን የበላበት ነገር መኖሩን ብቻ ነው።

ይኸን የመጨረሻ ቃሌን ያዙልኝ፤ ችግሩ ሁሉ ከዚህ ይወለዳልና። አረቄ ይሁን፤ የቀለም ማቅጠኛ ይሁን፤ የእጅ ማጽጃ አልኮል ይሁን፤ የከሰል ጭስ ይሁን፤ ሁሉም ኦክሲጅኑን ይበሉበታል። በሱቅ «የአየር ጥራት መለኪያ» እየተባለ የሚሸጠው ኤም ኪው 135 በክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው እጁን በአልኮል ቢያሽ ጩኸት ያሰማል፤ በሌላ ቀን ቤንዚን የተባለው መርዘኛ ውሕድ በጥቂቱ ቢኖር ግን ድምፁን ላያሰማ ይችላል። ፋብሪካው የሰጠው ወረቀት የሚናገረው ደግሞ በተወሰነ ሙቀትና በተወሰነ እርጥበት ስላለ አየር ነው፤ የሶዶን ክረምት አያውቅም። የውሃ ትነት በዚያው ገጽ ላይ ከኦክሲጅን ጋራ ስለሚሻማ ከዳሞታ ጉም ሲወርድ መሣሪያው ምንም ተናኝ ሳይኖር ቁጥሩን ይለውጣል። መብራት ሲጠፋ ማሞቂያው ይቀዘቅዛል፤ ሲመለስም ወዲያው የሚያሳየው ቁጥር የሚታመን አይደለም። አዲስ ሴንሰርማ አንድ ወይም ሁለት ቀን ሙሉ ሳይሞቅ ለሥራ አይበቃም። ይኸን ሳያውቅ ገዝቶ፤ ሰክቶ፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ውጤት የሚጽፍ ተማሪ የሚጽፈው የማሞቂያውን ታሪክ ነው።

ከፍታም አለ። ሶዶ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊትም ከባሕር ወለሉ አራት አምስተኛ ያህል ነው። ይኸ ለእግር ኳስ ተጫዋች ብቻ የሚነገር ነገር አይደለም። ቅድም የጠቀስሁት የዓለም ጤና ድርጅት መጠን፤ 0.1 ሚሊግራም ፎርማልዴሃይድ በኩቢክ ሜትር፤ በባሕር ወለል ሲቆጠር ከሚሊዮን 0.08 እጅ ነው፤ በሶዶ ግን ያው 0.1 ሚሊግራም ከሚሊዮን 0.10 እጅ ይሆናል፤ መርዙ ሳይጨምር አየሩ ስለ ሳሳ ነው። አንዱን አሃድ ወደ ሌላው የሚለውጥ ሰው የመማሪያ መጽሐፉን ቁጥር እንዳለ ቢወስድ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳታል። በዳር አገር ወደብ ላይ የተስተካከለ መሣሪያም እዚህ መጥቶ የሚያሳየው ቁጥር እንዲሁ መታረም አለበት።

ከቆርቆሮ ኦክሳይዱ የሚሻል፤ ዋጋውም እጅግ የበዛ ሌላ መሣሪያ አለ። ይኸኛው በአልትራቫዮሌት መብራት ተናኙን ይመታዋል፤ ብርሃኑ ኤሌክትሮን ለማስወጣት ከበቃ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ይለካል። ዘወትር የሚሠራበት መብራት ጉልበቱ 10.6 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ቤንዚን የተባለው ውሕድ ኤሌክትሮኑን ለመልቀቅ 9.24 ብቻ ይፈልጋል፤ ስለዚህ በደንብ ይታያል። አሴቶን 9.70 ነው፤ እርሱም ይታያል። ለነዳጅ ሻጩ ልጅ ይኸ መሣሪያ ጥሩ ምስክር ነው። አሁን ፎርማልዴሃይድን እንመልከት፤ 10.88 ይፈልጋል። ከመብራቱ ጉልበት በላይ ነው። በመሆኑም ይኸን ውድ መሣሪያ ፎርማሊን ዓይን በሚያስለቅስበት ክፍል ውስጥ ብታስቀምጡት ስለ ፎርማልዴሃይዱ የሚነግራችሁ ነገር ባዶ ነው። መሣሪያው አልተበላሸም፤ አልዋሸምም፤ ሊያየው አይችልም። (አረቄ የሚያበላሸው ሜታኖልም ከዚሁ ዕድል አያመልጥም፤ እርሱም ከ10.6 በላይ ነው።) ጉልበቱ 11.7 የሆነ መብራት አለ፤ መስኮቱ ግን እርጥበት እየጠጣ ቶሎ ስለሚያረጅ ለእኛ አገር ክረምት የሚመች አይደለም።

ፎርማልዴሃይድን ብቻ እለካለሁ የሚል ባለ ኤሌክትሮኬሚካል ሴሉ ትንሽ ሴንሰርም ይሸጣል። ይኸኛው የሚሳሳተው ወደ ሌላው ወገን ነው፤ አልኮልን እንደ ፎርማልዴሃይድ ይቆጥራል። በሆስፒታል ደግሞ አልኮል የሌለበት ክፍል የት ይገኛል? እነሆ አንዱ መሣሪያ መርዙን እያለ የለም ይላል፤ ሌላው መርዙ ሳይኖር አለ ይላል።

እዚህ ላይ አንድ የተከበሩ መምህር በዚህ ጉዳይ ከእኔ ጋራ ሲወያዩ የተናገሩትን ላንሣ። «ምንም ቁጥር ከማይኖር የተሳሳተም ቢሆን ቁጥር ይሻላል፤ በኋላ ይታረማል» አሉኝ። በላቦራቶሪ ውስጥ ከሆነ ቃላቸውን እቀበላለሁ። ሰው በሚሠራበት ክፍል ግን አልቀበልም። ምክንያቱም ቁጥር ከወጣ በኋላ ብቻውን አይኖርም፤ ማኅተም ይደረግበታል፤ ፋይል ውስጥ ይገባል። የዕቃ አጣቢው ሠራተኛ በማግሥቱ «ጉሮሮዬን ያመኛል፤ መስኮት ይከፈትልኝ» ብሎ ሲያመለክት ኃላፊው ፋይሉን ገልጦ «ተለክቶ ንጹሕ ሆኖ ተገኝቷል» ይለዋል። ባዶ የጻፈው መሣሪያ ፎርማልዴሃይድን ማየት የማይችል መሆኑን ሠራተኛው ከየት ያውቃል? ኃላፊውም ላያውቅ ይችላል። ቁጥር ሳይኖር የሠራተኛው ጉሮሮ ምስክር ነበረ፤ የተሳሳተ ቁጥር በመጣ ጊዜ ግን ያ ምስክር ተሰረዘበት። እኔ በዚህ ግቢ ማኅበራችን የመለኪያ ቡድን ያቋቁም ብዬ ለማሳሰብ የመጣሁ ነኝ፤ ነገር ግን የቡድኑ የመጀመሪያ ሥራ ቁጥር ማውጣት ሳይሆን ቁጥሩ የሚታመንበትንና የማይታመንበትን ስፍራ ማወቅ እንዲሆን እለምናለሁ።

ስለ ጓዳ ጭስ ረዥም ነገር አልናገርም፤ ሥራው በሌሎች ተጀምሯልና። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ፤ በዚችው በሶዶ ከተማ የተደረገ ጥናት፤ ንጹሕ ባልሆነ ማገዶ በሚጠቀሙና አየር በደንብ በማይገባባቸው ቤቶች የሚያድጉ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት በመተንፈሻ አካል ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ሊቃውንትም እንጀራ ሲጋገር ከምድጃው የሚወጡትን ደቃቅ ብናኝና ጠቅላላ ተናኞች ለክተዋል፤ ከዚያ ቀደም ብሎ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት የቡና ሥነ ሥርዓታችንን ሳይቀር መዝኖታል። በነዚህ ሥራዎች ላይ አንድ ነገር ልብ አድርጉ፤ «ጠቅላላ ተናኞች» የሚለው ቁጥር የቡናውን መልካም መዓዛና የከሰሉን መርዝ በአንድ ከረጢት ከትቶ የሚመዝን ነው። ሁለት ጓዳዎች አንድ ዓይነት ቁጥር ሊያሳዩ ይችላሉ፤ ጉዳታቸው ግን አንድ ላይሆን ይችላል።

በዋሪክ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ሁለት ሰዎች በ1982 እ.ኤ.አ. ለዚህ ችግር አንድ መላ አቀረቡ። አንድ ሴንሰር ሁሉን ቢያሸት፤ ጠባያቸው የተለያየ ብዙ ሴንሰሮችን በአንድነት እናድርግና የሁሉንም መልስ እንደ አንድ ቃል እናንብብ አሉ። የኛም አፍንጫ የሚሠራው እንዲሁ ነው። «የኤሌክትሮኒክ አፍንጫ» የሚባለው ይኸ ነው፤ የቡና ደረጃ ለመለየት፤ የሥጋ መበላሸትን ለማወቅ ተሞክሯል። ለወላይታ ቆጮም መሞከር የሚገባው ይመስለኛል፤ ለዚህ የሂሳብና የኮምፒዩተር ክፍል ጓደኞቻችን ያስፈልጉናል። ዛሬ ግን ከዚያ በፊት ስላለው ተራ ሥራ ልናገር።

ተራው ሥራ ማስተካከል ነው፤ ይኸውም መሣሪያውን መጠኑ በታወቀ ትነት መፈተን። የጋዝ ሲሊንደር ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም። ሃያ ሊትር የሚይዝ ክዳኑ የሚገጥም የመስታወት ዕቃ፤ አንድ ማይክሮ ሊትር የሚለካ መርፌና ንጹሕ ኤታኖል ይበቃል። (ጀሪካን አይሆንም፤ ፕላስቲክ ተናኞችን ይመጥጣል፤ ቆይቶም ይተፋል።) አንድ ማይክሮ ሊትር ኤታኖል 0.789 ሚሊግራም ይመዝናል፤ በሃያ ሊትር ዕቃ ውስጥ ተንኖ ሲያልቅ በባሕር ወለልና በ20 ዲግሪ ሙቀት ከሚሊዮን 21 እጅ ያህል ይሰጣል፤ በሶዶ ግፊት ግን 26 እጅ ያህል ነው። ሂሳቡን ራሳችሁ ሥሩት፤ የመጀመሪያ ዓመት ኬሚስትሪ ይበቃዋል። ሁለተኛ፤ ሦስተኛ፤ አራተኛ ጠብታ እየጨመራችሁ የተቃውሞውን መውረድ ብትጽፉ፤ ይኸንኑም በደረቁ በጥርና በዝናቡ በሐምሌ ደግማችሁ ብታደርጉት፤ ያ ወረቀት ከፋብሪካው ወረቀት የበለጠ የሶዶ ወረቀት ይሆናል።

ለፎርማልዴሃይድ ደግሞ ከሴንሰሮቹ ሁሉ የሚበልጥ አንድ የቆየ የብርጭቆ ሥራ አለ። የክፍሉን አየር በትንሽ ፓምፕ እየሳቡ አንድ በመቶ ሶዲየም ባይሰልፋይት በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ያሳልፉታል፤ ፎርማልዴሃይዱ በውሃው ውስጥ ይያዛል። በኋላ ክሮሞትሮፒክ አሲድና ሰልፈሪክ አሲድ ሲጨመርበት ሐምራዊ ቀለም ያወጣል፤ የቀለሙን ድምቀት በ580 ናኖ ሜትር በስፔክትሮፎቶሜትር ያነቡታል። ይኸ ዘዴ የአሜሪካ የሥራ ጤና መሥሪያ ቤት ካጸደቃቸው አንዱ ነው። ሰልፈሪክ አሲዱ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ውጤቱም በደቂቃ አይመጣም፤ ግን አልኮልና ፎርማልዴሃይድን አያምታታም። ርካሹን ሴንሰር ከዚህ ዘዴ ጎን አድርገን ጥቂት ሳምንት ብናሠራው ሴንሰሩ መቼ እንደሚሳሳት እናውቃለን፤ ካወቅነው በኋላ እርሱ ቀንና ሌሊት ሳይተኛ ሊጠብቅልን ይችላል። እንዲያ ከሆነ ርካሽነቱ ጥቅም ይሆናል፤ በየክፍሉ አንዳንድ ለማድረግ እንችላለንና።

ለማኅበሩ የማቀርበው አሳብ እንግዲህ ይኸ ነው። ኦቶና በሚሲዮናውያን እጅ የተቋቋመ ሆስፒታል ሆኖ ለብዙ ዘመን ሕመምተኛን ሲያክም ኖሯል፤ ዩኒቨርሲቲያችን በ1999 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ማስተማሪያችን ሆኗል። ሐኪሙም፤ ኬሚስቱም፤ መሐንዲሱም በአንድ ዩኒቨርሲቲ ጥላ ሥር ናቸው። ከሦስቱም ወገን ሁለት ሁለት ሰው ይመረጥ። በመጀመሪያው ሴሚስተር የመስታወቱን ዕቃ ሥራ ብቻ ይሥሩ፤ ወደ ማንም ክፍል አይግቡ። ከዚያ በኋላ መለካት ሲጀምሩ መጀመሪያ የሚገቡበት የመምህራን ቢሮ ሳይሆን ሰው ረዥም ሰዓት የሚሠራበት፤ አቤቱታውም የማይሰማበት ክፍል ይሁን። የተነበበው ቁጥር ከምን መሣሪያ እንደ ተነበበ፤ ያ መሣሪያ የማያየው ምን ምን እንደ ሆነ፤ በዚያው ወረቀት ላይ በአማርኛና በወላይትኛ ተጽፎ በክፍሉ በር ላይ ይለጠፍ፤ የመጀመሪያው አንባቢም ወለሉን የሚወለውለው ሰው ይሁን። በወረቀቱ ላይ ባዶ ከመጻፍ ይልቅ «አልተለካም» ብሎ መጻፍ በተገባ ጊዜ «አልተለካም» ተብሎ ይጻፍ።

ወጪውን በሚመለከት ገንዘብ ያዡ እያየኝ ስለ ሆነ ልናገር፤ ፓምፑና መርፌው ካልተገኘ በቀር ሌላው በኬሚስትሪ ክፍል መደርደሪያ ላይ የሚገኝ ነው፤ ሴንሰሮቹም ዋጋቸው ቀላል ነው። በዚህ ቡድን ለመሥራት የሚፈልግ ስሙን ለጸሐፊው ይስጥ። አሁን ጥያቄ ያለው ቢኖር ለመመለስ ዝግጁ ነኝ፤ ስለ አይጦቹ ለመጠየቅ የፈለገም አይፈር።